የራሳችሁን የጠረጴዛ ጨዋታ ከሐሳብ እስከ አሳታሚ፦ ደረጃ በደረጃ

ቆርኪ ሰብስቦ፣ ካርቶን ላይ መስመር አስምሮ ዳማ የተጫወተ ሰው፣ የጠረጴዛ ጨዋታ ምን እንደሚፈልግ ግማሹን ያውቃል። ዕቃው ርካሽ ነው። ሕጉ በቃል ይያዛል። ሁለት ሰው ሲጫወት ሦስተኛው ቆሞ «እንዲህ ብትሄድ ኖሮ» ማለት ይጀምራል። ቀሪው ግማሽ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፦ አዲስ ጨዋታ አስቦ መሥራት፣ በሰው ማስሞከር፣ ማስተካከል፣ በመጨረሻም አሳታሚ ፊት ይዞ መቅረብ።

አንድ የማምንበትን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ጨዋታ ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሰው ሲጫወተው ብቻ ነው። ደብተር ላይ ያማረ ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ ሲወርድ በአሥር ደቂቃ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ሥሩት፣ ቶሎ አስጫውቱት፣ ከዚያ አፋችሁን ዘግታችሁ እዩ። ከታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ነገሩ በደረቁ እንዳይሆን አንድ ትንሽ የካርድ ጨዋታ አብረን እየሠራን እንሂድ። ስሙን «ታክሲ ተራ» እንበለው። (የማነሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

1. «ተራዬ ሲደርስ ምን አደርጋለሁ?»

አብዛኛው ሰው ከታሪኩ ይጀምራል። «ስለ ዓድዋ ጨዋታ ልሠራ ነው»፣ «ስለ ቡና ንግድ ነው» ይላል። ርዕሱ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ጨዋታ አይደለም። ጨዋታ መሆን የሚጀምረው ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ሲታወቅ ነው። ይህም በአንድ ትንፋሽ የሚነገር መሆን አለበት።

በ2004 የወጣውን የአላን ሙንን «ቲኬት ቱ ራይድ» እዩ። ተራህ ሲደርስ ከሦስት ነገር አንዱን ብቻ ታደርጋለህ፦ የባቡር ካርድ ትስባለህ፣ ወይም በካርታው ላይ አንድ መስመር ትይዛለህ፣ ወይም አዲስ የጉዞ ትኬት ትወስዳለህ። አለቀ። ያን የሚያህል ካርታና ያ ሁሉ የፕላስቲክ ባቡር በሦስት አማራጭ ይንቀሳቀሳል። አያትም የልጅ ልጅም እኩል ይገባቸዋል።

የእኛ «ታክሲ ተራ» እንዲህ ይሁን። ተጫዋቾቹ ረዳቶች ናቸው። 40 ካርድ አለ። 36ቱ ተሳፋሪ ናቸው፤ እያንዳንዱ ላይ መድረሻና የሰው ብዛት (ከ1 እስከ 3) ተጽፏል። 4ቱ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። መጀመሪያ ስድስት የተሳፋሪ ካርድ ገልጣችሁ ጠረጴዛው ላይ ታሰልፋላችሁ፤ የቀሩት ተበውዘውና ተገልብጠው ክምር ይሆናሉ። ተራው የደረሰው ተጫዋች አንድ መድረሻ ይጠራል፤ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል። ከሰልፉ የሜክሲኮዎቹን በሙሉ ይጭናል። ከዚያ ወይ «ሳበው!» ብሎ ይሄዳል፣ ወይ ከክምሩ አንድ አንድ ካርድ እየሳበ ይጨምራል። የሳበው ሜክሲኮ ከሆነ ይጫናል። ሌላ ከሆነ ሰልፉ ላይ ይቆማል። ትራፊክ ከወጣ ግን የጫነው ሁሉ ወርዶ ወደ ሰልፉ ይመለሳል፤ ተራውም ያልፋል። ታክሲው ከ12 ሰው በላይ አይጭንም። ያደረሰው እያንዳንዱ ሰው አንድ ብር ነው። ክምሩ ሲያልቅ ብዙ ብር ያለው ያሸንፋል።

እዚህ ላይ የሚያስጨንቅ ምርጫ መኖሩን አረጋግጡ። አንድ ካርድ ልጨምር? ብጨምርና ለእኔ ካልሆነ፣ ለሚቀጥለው ሰው ሰልፉን አደልብለታለሁ። ትራፊክ ቢይዘኝ ደግሞ የጫንኩት ሁሉ የእሱ ሲሳይ ይሆናል። ጨዋታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ «ልሂድ ወይስ ልቆይ» የሚያሰኝ ቦታ ከሌለ፣ ምንም ያህል ታሪክና ሥዕል ብትደርቡበት ሰው ያዛጋል።

2. ከሚታወቁት ተማሩ፣ በተለይ ከቅርቡ

ጨዋታ ለመሥራት ብዙ ጨዋታ መጫወት ያስፈልጋል። «ካታን»፣ «ካርካሶን»፣ «ፓንደሚክ»፣ «ኮድኔምስ»፣ «አዙል»፤ ካገኛችሁ ተጫወቷቸው። ካላገኛችሁም የብዙዎቹን የሕግ መጽሐፍ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስቀምጣሉ፣ ጨዋታው ሲካሄድ የሚያሳይ ቪዲዮም ሞልቷል። ስትጫወቱ «ይሄ ለምን አስደሰተኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጻፉት።

የእኛንም አትናቁ። የጥንቱን የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ውሰዱ። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደቀናቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው ተራ በተራ መሄድ የሚጀመረው። ይህ በጣም ብልህ ፈጠራ ነው። የብዙ ጨዋታ አሰልቺ ክፍል መጀመሪያው ነው፤ ሁሉም ተራውን እየጠበቀ ዕቃውን ቀስ ብሎ የሚያሰልፍበት። ሰንጠረዥ ያንን ወደ ሩጫ ለውጦታል። የእናንተም ጨዋታ አጀማመሩ ከተንቀራፈፈ «ይህን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብናደርገውስ?» ብላችሁ ሞክሩ።

ገበጣም የራሱ ትምህርት አለው። ጉድጓድና ጠጠር ብቻ ነው፤ ዕድል የለም፣ የተደበቀ ነገር የለም። ግን አንድ እፍኝ ጠጠር ሲዘራ የሰሌዳው መልክ በሙሉ ይለወጣል። ትንሽ ዕቃ ብዙ ሁኔታ ሲፈጥር ማየት ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ የለም።

3. ከማስጫወታችሁ በፊት ቁጥሩን አስሉ

ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

«ታክሲ ተራ»ን ስናስብ መጀመሪያ የሚመጣልን አምስት መድረሻ ነው እንበል፦ ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ ፒያሳ፣ ሳሪስ፣ ካዛንቺስ፣ ለእያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ካርድ። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ስናሰላው፣ የጠራነው መድረሻ ከክምሩ የሚመጣው ከስድስት ካርድ አንድ ጊዜ ያህል ነው። ያን ያህል እስክንስብ ትራፊክ ይበላናል። ማንም ካርድ አይስብም ማለት ነው። መድረሻዎቹን ወደ ሦስት አውርደን፣ ለእያንዳንዳቸው 12 ካርድ ስንሰጥ ግን ከሦስት ካርድ አንዱ አካባቢ የእኛ ይሆናል። አሁን መሳብ ትርጉም አገኘ።

ትራፊኩስ? ስድስቱ ተሳፋሪ ጠረጴዛ ላይ ከተሰለፉ በኋላ ክምሩ ውስጥ 34 ካርድ ይቀራል፤ 4ቱ ትራፊክ ናቸው። አንድ ካርድ ስቦ የመትረፍ ዕድል 30 ለ34 ነው፣ ማለትም 88 በመቶ። ሁለት ለመሳብ ያንን በ29 ለ33 አባዙት፤ 78 በመቶ ገደማ። ሦስተኛው ላይ 68 ይሆናል፤ አምስተኛው ላይ 51 በመቶ ብቻ። ሦስት ካርድ የሳበ ሰው ከሦስት ጊዜ አንዱን ይያዛል፤ አምስት የሳበ ግማሽ ለግማሽ ነው። ደፋሩም ፈሪውም የሚጫወትበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ትራፊኮቹ 8 ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም ፈሪ ይሆን ነበር፤ 1 ቢሆን ሁሉም ደፋር።

የአልፍሬድ በትስን ሥራ ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። በ1930ዎቹ ሥራ ያጣ አርክቴክት ነበር። በኋላ «ስክራብል» የተባለውን፣ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ደርድሮ ቃል የሚሠራበትን ጨዋታ ሲሠራ ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። የፊደሎቹ ብዛትና ነጥብ ከዚያ ቆጠራ የወጣ ነው። በአማርኛ የቃላት ጨዋታ ለመሥራት የሚያስብ ብዙ ሰው አለ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን የእንግሊዝኛውን በቀጥታ መገልበጥ አይሠራም። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ ከረጢት ሙሉ ጠጠር ይዞ አንድ ቃል የሚጠፋበት ጨዋታ ይሆናል። አንዱ መውጫ ጠጠሩ ላይ ግዕዙን ብቻ ጽፎ፣ ተጫዋቹ ሲያስቀምጠው ከሰባቱ የፈለገውን እንዲያነበው መፍቀድ ነው። ያኔ «ሰ»፣ «ለ»፣ «መ» ብቻ ይዞ «ሰላም»ም ይጻፋል። ከዚያ እንደ በትስ የአማርኛ ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ቤት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ መቁጠር ነው።

4. ናሙናውን በአንድ ማታ ሥሩ

የመጀመሪያው ናሙና ማማር የለበትም። ካማረ ለመቅደድ ትሳሳላችሁ፤ እሱ ደግሞ መቀደዱ አይቀርም።

የተለመደው የካርድ መጠን 63 በ88 ሚሊሜትር ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ካርድ ይገባል። ለ40 ካርድ አምስት ወረቀት ይበቃል። ወፍራም ወረቀት ግዙ፣ በማስመሪያ አስምሩ፣ በመቀስ ቁረጡ። ጽሑፉን በእርሳስ ጻፉ፤ በጨዋታው መሐል «3»ን «2» ማድረግ ስለምትፈልጉ። ላሚኔት አታስደርጉ። ቀጭን ወረቀት ብቻ ካላችሁ፣ ያረጀ የመጫወቻ ካርታ ላይ ለጥፉት፤ ለመበወዝ ይመቻል። ለገንዘብ ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ ለጠጠር ቆርኪ ተጠቀሙ።

ካርዶቹ ላይ ቁጥሩን ከላይ በግራ ጥግ ጻፉት። ሰው ካርድ እጁ ላይ ዘርግቶ ሲይዝ የሚታየው ያ ጥግ ብቻ ነው። ይህን የሚረሳ ናሙና በጣም ብዙ ነው፤ ተጫዋቾቹም ካርዳቸውን አንድ በአንድ እያወጡ ሲያዩ ያመሻሉ።

በኮምፒዩተር መሥራት የሚቀናው ሰው «ቴብልቶፕ ሲሙሌተር» በተባለው ፕሮግራም ላይ ካርዶቹን ጭኖ ሌላ አገር ካለ ወዳጁ ጋር መጫወት ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ሠሪ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያሉ ዘመዶቹን በዚህ መንገድ ማስሞከር ይችላል። ግን መጀመሪያ በወረቀት፤ የሰውን እጅና ፊት ማየት በስክሪን አይገኝም።

5. ማስጫወት፦ ዋናው ሥራ

አራት ዙር አለው።

መጀመሪያ ብቻችሁን። ሦስት ወንበር አስቀምጡና የሦስቱንም ተራ ራሳችሁ ተጫወቱ። አንዱን ደፋር፣ አንዱን ፈሪ፣ አንዱን ተንኮለኛ አድርጉት። ትልልቁ ስህተት እዚህ ላይ ይታያል፤ የሰው ጊዜ ሳታባክኑ ታርሙታላችሁ።

ቀጥሎ ቤተሰብና ጓደኛ። ክላውስ ቶይበር የጥርስ ቴክኒሻን ሆኖ ሲሠራ ነበር «ካታን»ን እቤቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እየተጫወተ ለዓመታት ያሻሻለው። በ1995 ሲወጣ የጀርመንን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት አገኘ። የቤተሰብ ጠረጴዛ ዋጋው ትልቅ ነው። ግን አንድ አደጋ አለው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ይብሳል። ይሉኝታ ነው። ጨዋታው አሰልችቷቸው «ቆንጆ ነው፣ በርታ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። እናንተም ጨርሻለሁ ብላችሁ ታስባላችሁ።

ይሉኝታን የምታልፉት በጥያቄ አጠያየቅ ነው። «ወደዳችሁት?» አትበሉ። ይህን ጠይቁ፦ «አንድ ሕግ ሰርዙ ብትባሉ የቱን ትሰርዛላችሁ?» «መቼ ላይ ነው ማሸነፍ እንደማትችሉ ያወቃችሁት?» «ተራችሁን ስትጠብቁ ምን እያሰባችሁ ነበር?» እንዲህ ሲጠየቅ ሰው የሚያስቀይም መልስ እየሰጠ አይመስለውም፤ ስለዚህ እውነቱን ይናገራል። ሌላው መንገድ ሌላ ሰው እንዲያስጫውት ማድረግና እናንተ ራቅ ብላችሁ መቀመጥ ነው። ልጆች ካሉ ደግሞ ልጆችን አምኑ። ልጅ ሲሰለቸው ተነስቶ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ከአፋቸው ይልቅ ገላቸውን እዩ። ስልክ የሚያወጡት መቼ ነው? ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ የሚሉት መቼ ነው? «ተራው የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ ተነሳ? ይህ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከተነሳ በተራ መሐል ያለው ጥበቃ ረዝሟል ማለት ነው። ጨዋታው አልቆ ካርዱን ሳትሰበስቡ አንዱ «እስቲ ድገሙት» ካለ፣ ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጣል።

«ታክሲ ተራ»ን ለአራት ሰው ስታስጫውቱ ምን ሊሆን እንደሚችል እንይ። የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሰልፉን ታያለች። ፒያሳ ሦስት ካርድ፣ አምስት ሰው አለው። «ፒያሳ! ሳበው!» ትላለች። አንድም ካርድ አልሳበችም። ሁለተኛው ሰልፉ ላይ የቀሩትን መገናኛዎች ጭኖ ይሄዳል። ሦስተኛው የተረፈችውን አንዲት ሜክሲኮ አንስቶ «ሳበው» ይላል። አራተኛው ሰልፉ ባዶ ስለሆነ ሳይወድ ይስባል፤ የሳበው ሁሉ ለመጀመሪያዋ ተጫዋች ሰልፍ ይሆንላታል። አራተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ የጨዋታው በደል ተጭኖበታልና። ሒሳባችን ልክ ነበር፤ ችግሩ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው ትርፍ እያለ አደጋ አለመንካቱ ነው።

ምን እናድርግ? አንዱ መድኃኒት ገቢውን መቀየር ነው፦ እስከ ስድስተኛው ወንበር አንድ አንድ ብር፣ ከሰባተኛው ጀምሮ ሁለት ሁለት ብር። አሁን አምስት ሰው የጫነችው ተጫዋች «ሳበው» ከማለቷ በፊት እጇ ክምሩ ላይ ይቆማል። ሁለት ሰው ብትጨምር ሰባተኛው ወንበር ይከፈታል። ጠረጴዛው በሙሉ «ሂጂ! ሂጂ!» «ትራፊክ አለ!» እያለ ይጮህባታል። ጨዋታው ሕይወት የሚዘራው እዚህ ላይ ነው። ሌላው መድኃኒት «ግማሽ ሳይሞላ አይነሳም» የሚል ሕግ ማውጣት ነው፤ እውነተኛው ታክሲም እንደዚያው ስለሆነ ለማስታወስ አይከብድም።

ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አታስገቡ። አንድ ነገር ቀይሩ፣ አስጫውቱ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የተጫዋቹን ብዛት፣ የፈጀውን ደቂቃ፣ የእያንዳንዱን ነጥብ፣ መጀመሪያ የተጫወተው ማሸነፍ አለማሸነፉን ጻፉ። መጀመሪያ የሚጫወተው ሰው ደጋግሞ ካሸነፈ መስተካከል አለበት።

ስለ ምክርም አንድ ነገር ልበል። ተጫዋች ያመመውን ቦታ ሲያሳይ ሁልጊዜ ስሙት። መድኃኒት ሲያዝ ግን ዝም ብላችሁ ጻፉለትና ቆይታችሁ አስቡበት። «ዳይስ ጨምርበት» ያለው ሰው ምናልባት ሊላችሁ የፈለገው «ውጤቱ ቀድሞ ታወቀብኝ» ነው። ያንን ከዳይስ ውጪ በአሥር መንገድ ማስተካከል ይቻላል።

ሦስተኛው ዙር የማያውቋችሁ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ካፌ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ውጭ አገር ከሆናችሁ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በአዳራሹ ወይም በኮሚኒቲ ማዕከል። ጨዋታው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰዓቱ ሲደርስም ባያልቅ አቁሙ። ሻይና ቡናውን እናንተ ጋብዙ።

አራተኛውና ከባዱ፣ የሕግ ወረቀቱን ሰጥታችሁ ዝም የምትሉበት ነው።

6. ሕጉን ጻፉ፣ ከዚያ ዝም በሉ

ሕጉን ስትጽፉ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ጨዋታው ስለምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ተጫዋች እንዴት እንደሚያሸንፍ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ፤ አዘገጃጀቱ ከሥዕል ጋር፤ ተራ ሲደርስ የሚደረገው፤ መቼ እንደሚያልቅ፤ ነጥብ አቆጣጠር። ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ ስጡ። አንዴ «ሰልፍ»፣ አንዴ «ወረፋ»፣ አንዴ «ተራ» ካላችሁ አንባቢው ሦስት የተለያየ ነገር ይመስለዋል።

አሁን ወረቀቱንና ናሙናውን ለማያውቁት ሰዎች ስጡና ጥግ ላይ ተቀመጡ። ቢጠይቋችሁ አትመልሱ። በጣም ያሳቅቃል፤ እጃችሁ ይበላችኋል። ግን ጨዋታው ሱቅ ሲገባ እናንተ ሳጥኑ ውስጥ አትኖሩም። «ታክሲ ተራ» ላይ ወዲያው የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ የወጣው የትራፊክ ካርድ ወደ ክምሩ ይመለሳል ወይስ ይጣላል? ከላይ የጻፍኩትን ሕግ መልሳችሁ አንብቡ፤ አልተጻፈም። የሚጣል ከሆነ ካርድ የሚቆጥር ተጫዋች ይጠቀማል፣ መጨረሻው ላይም አደጋው ይጠፋል። የሚመለስ ከሆነ መበወዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ፍርሃቱ እስከ መጨረሻ ይዘልቃል። ሁለቱም ያስኬዳል። መምረጥና መጻፍ የእናንተ ነው።

ሥዕልና ውበት ላይ ገና ነን። ለአሳታሚ የምታቀርቡ ከሆነ ለሠዓሊ ገንዘብ አታውጡ፤ አሳታሚው የራሱን ሠዓሊ ያሠራል፣ ብዙ ጊዜ ርዕሱንም ይቀይራል። ራሳችሁ የምታሳትሙ ከሆነ ብቻ ሕጉ መለዋወጡን ሲያቆም ሠዓሊ ፈልጉ።

7. «ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?»

ይህ ፍርሃት ብዙ ጨዋታ መሳቢያ ውስጥ አስቀርቷል። እውነቱ እንዲህ ነው። የቅጂ መብት ሕግ የጨዋታን አሠራር፣ ማለትም «ካርድ ስበህ ወይ ቁም» የሚለውን ሐሳብ አይጠብቅም። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጭ አድርጓል። አሜሪካም እንደዚያው ነው። የሚጠበቀው የጻፋችሁት የሕግ ጽሑፍና የሠራችሁት ሥዕል ነው። የጨዋታውን ስም ደግሞ በንግድ ምልክት ማስመዝገብ ይቻላል፤ አገር ቤት ይህን የሚሠራው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

አሳታሚዎች በዓመት ብዙ ናሙና ያያሉ። ሰርቀው ስማቸውን ከሚያጠፉ ለሠሪው መክፈል ይቀላቸዋል። ጨዋታውን ከማስጫወታችሁ በፊት «ሐሳቡን አንወስድም» የሚል ሰነድ ፈርሙ ማለት ግን በር ያዘጋል።

8. ለአሳታሚ ማቅረብ

መጀመሪያ ትክክለኛውን ቤት ምረጡ። የቤተሰብ ጨዋታ ለሚያሳትም ድርጅት የሦስት ሰዓት የጦርነት ጨዋታ መላክ የሁለታችሁንም ጊዜ መግደል ነው። «ቦርድጌምጊክ» በተባለው ድረ ገጽ የእናንተን የሚመስሉ ጨዋታዎችን ማን እንዳሳተመ ማየት ይቻላል። ከዚያ የአሳታሚውን ገጽ ክፈቱ፤ ብዙዎቹ አዲስ ሐሳብ መቼና እንዴት እንደሚቀበሉ እዚያ ጽፈውታል። እንዳዘዙት ላኩ።

ሦስት ነገር አዘጋጁ። የመጀመሪያው አንድ ገጽ ማስተዋወቂያ ነው። ስም፣ የተጫዋች ብዛት፣ ዕድሜ፣ ደቂቃ፣ ዕቃው በቁጥር (40 ካርድ፣ 60 ሳንቲም)፣ ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ሲታይ የሚያሳይ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ፣ እና ከሌሎች የሚለየው ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር። ለእኛ ጨዋታ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የአዲስ አበባ ሚኒባስ ረዳት ነህ። አንድ ሰው በጫንክ ቁጥር ገቢህ ያድጋል፤ ትራፊክ ከያዘህ ግን የጫንካቸው ሁሉ ለተፎካካሪህ ይሰለፉለታል።» ሁለተኛው ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ነው፤ ፊታችሁ ሳይሆን ጠረጴዛው ይታይበት። ሦስተኛው የሕጉ ጽሑፍ ነው፤ ለውጭ አሳታሚ ከሆነ በንጹሕ እንግሊዝኛ።

የዕቃውን ብዛት የምታስገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። የሱቅ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከማምረቻው ወጪ አምስት እጥፍ አካባቢ ይሆናል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚጨመረው እያንዳንዱ ዶላር ዋጋውን በአምስት ይጎትታል። ትንሽ መሆን ያስኬዳል። የጃፓኑ ሴይጂ ካናይ «ላቭ ሌተር» በ2012 ሲወጣ 16 ካርድ ብቻ ነበረው፤ ዓለምን ዞሯል።

በአካል ለማግኘት ትልቁ ቦታ በየጥቅምቱ ጀርመን ኤሰን ውስጥ የሚካሄደው «ሽፒል» ነው። እንግሊዝ በርሚንግሃም ውስጥ «ዩኬ ጌምስ ኤክስፖ»፣ አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ «ጄን ኮን» አሉ። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች በባቡር የምትደርሱበት ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ከሳምንታት በፊት በኢሜይል ያዙ፤ ዝም ብሎ ድንኳኑ ድረስ መሄድ ብዙም አያዋጣም። አፍሪካ ውስጥም ናይጄሪያ ላይ የአፍሪካ የቦርድ ጌም ጉባኤ አለ። ቪዛና ትኬት ለማይገኝለት ኢሜይልና የቪዲዮ ጥሪ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ብዙ አሳታሚ ዛሬ በዚያ ነው የሚቀበለው።

ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት ነው። ስለ ራሳችሁ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ዕቃው ቀድሞ ተዘርግቶ ይጠብቅ። ሕጉን በሙሉ ከማስረዳት ይልቅ ወደ አንድ አጓጊ ተራ ቀጥታ ግቡ፦ «አምስት ሰው ጭነሃል፣ ሰልፉ ይህ ነው፣ ምን ታደርጋለህ?» ካርዱን አሳታሚው ራሱ ይሳብ። ትራፊክ ቢወጣበት ከማንኛውም ንግግር ይሻላል። ከዚያ ይጠይቃችኋል፦ ስንት ሰው ተጫወተው? በሁለት ሰው ይሠራል? ምን የሚመስል ጨዋታ አለ፣ በምንስ ይለያል? «ምንም የሚመስለው የለም» አትበሉ፤ ገበያውን አታውቁም ማለት ነው። ደብተራችሁ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

እምቢ ቢሉ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ፣ አመስግኑ፣ ለሌላው ላኩ። ወር ሙሉ ዝም ካሉም አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ ነውር የለውም።

9. ራስን ማሳተም

ጨዋታው በአማርኛ ላይ የቆመ ከሆነ የውጭ አሳታሚ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው። ገዢው የታወቀ ነው፦ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም ልጆቹ አማርኛ እንዳይጠፋባቸው የሚጨነቅ ውጭ ያለ ወላጅ። ይህ ወላጅ ልጁን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አድርጎ የሚያስወራ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል።

ማተሚያ ቤት ስትመርጡ ከዚህ በፊት የሠራውን የካርድ ናሙና ጠይቁ። ካርድ ጀርባው በሙሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ በግማሽ ሚሊሜትር ቢያዘነብል ተጫዋቹ ትራፊኩን ከጀርባው ያውቀዋል። ጥጉ ካልተከረከመ ቶሎ ይላጣል። በብዛት ከመታተሙ በፊት አንድ ሙሉ ቅጂ አሳትማችሁ ተጫወቱበት። «ኪክስታርተር» ላይ ገንዘብ ማሰባሰብ የምታስቡ ደግሞ ኢትዮጵያ ዘመቻ ከሚከፈትባቸው አገሮች ውስጥ ስለሌለች፣ በተፈቀደ አገር የሚኖርና በስሙ ኃላፊነት የሚወስድ ሸሪክ ያስፈልጋችኋል። የመላኪያ ወጪውን ቀድማችሁ አስሉ፤ ብዙ ዘመቻ የሚከስረው እዚያ ላይ ነው።

10. ውል ሲመጣ

ለሠሪው የሚከፈለው ብዙ ጊዜ አሳታሚው ከሚያገኘው ገቢ ከ5 እስከ 8 በመቶ ነው። ከሱቅ ዋጋው አይደለም። አንድ ምሳሌ፦ ሱቅ ውስጥ 20 ዶላር የሚሸጥ ጨዋታ አከፋፋዩ ከአሳታሚው በ8 ዶላር አካባቢ ይረከባል። የእናንተ 6 በመቶ 48 ሳንቲም ነው። 5,000 ቅጂ ቢሸጥ 2,400 ዶላር። ይህን አውቃችሁ ግቡ፤ ሥራችሁን በአንድ ጨዋታ ተማምናችሁ አትልቀቁ።

ውሉ ላይ እነዚህን ፈልጉ፦ መቶኛው ከምን ላይ እንደሚሰላ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ ቅድመ ክፍያ መኖሩን፣ ስማችሁ ሳጥኑ ላይ መውጣቱን፣ ጨዋታው በሌላ ቋንቋ ሲሸጥ ድርሻችሁን፣ እና ስንት ነፃ ቅጂ እንደሚሰጣችሁ።

መብቱን በአንድ ጊዜ ክፍያ ጠቅልሎ ስለመሸጥ የሊዚ ማጊን ታሪክ እወቁ። በ1904 «ዘ ላንድሎርድስ ጌም» ለተባለው ጨዋታዋ የአሜሪካ ፓተንት (የፈጠራ መብት) አገኘች። «ሞኖፖሊ» የተወለደው ከእሱ ነው። በ1935 ፓርከር ብራዘርስ የተባለው የጨዋታ አሳታሚ፣ ለተሻሻለው ጨዋታዋ በ1924 ያገኘችውን ሁለተኛ ፓተንት በ500 ዶላር ከእሷ ገዛ፤ ከሽያጩ ምንም ድርሻ አልነበራትም። ቻርልስ ዳሮው ግን የእሷን ጨዋታ ተከትሎ የመጣውን «ሞኖፖሊ» የራሱ ፈጠራ አድርጎ ሸጦ፣ በሽያጩ ድርሻ ሚሊዮነር ሆነ።

መጨረሻ ላይ የመብት መመለሻ አንቀጹን ፈልጉ። አሳታሚው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በሁለት ዓመት፣ ጨዋታውን ካላወጣ፣ ወይም አውጥቶ ማሳተሙን ካቆመ፣ መብቱ ወደ እናንተ እንደሚመለስ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከሌለ እንዲገባ ጠይቁ። እስኪገባም አትፈርሙ።